ስለ ልጆች የሥዕል ደብተር ጠይቁኝ

የአንደኛ ደረጃ የሥዕል መምህር ነኝ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ፣ በመጡበት ቅደም ተከተል።

መምህር፣ ክፍሌ ውስጥ 60 ልጅ አለ። የደብተር ገንዘብ ከየት ይምጣ?

መግዛት አያስፈልግም። ቢሮ ውስጥ የሚጣል፣ ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት ሰብስብ። አሥር አሥሩን ለሁለት አጥፈህ መሐሉን በመርፌና በክር ስፋው። ሽፋኑ ካርቶን ይሁን። የተጻፈበት ገጽ ላይ ቅጠልና የከረሜላ ወረቀት ይለጥፉበት። እርሳስ ያጠረው በከሰል ይሥላል፤ እጁን መታጠብ ነው።

የሰባት ዓመት ልጄ ቤት ሲሥል ውስጡ ያለው አልጋ፣ ምጣዱ ሳይቀር ይታያል። ላርመው?

ኧረ ተዪው! በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚሥለው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ምጣዱ ቤት ውስጥ እንዳለ ያውቃል፣ በቃ ይሥለዋል። የልጆችን ሥዕል ያጠናው ቪክቶር ሎወንፌልድ ይህን እንደ ራጅ ውስጥ የሚያሳይ አሣሣል ከ7 እስከ 9 ዓመት ባለው እርከን ውስጥ አስቀምጦታል። ሰማዩን ከላይ እንደ ሰማያዊ ጥብጣብ፣ መሬቱን ከታች እንደ አንድ መስመር የሚያደርጉትም በዚሁ ጊዜ ነው። «ይሄ ማነው? ምን እየሠራ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ወሬው ከሥዕሉ ይበልጣል።

የኔው ሚኒባስ ብቻ ነው የሚሥለው። ደብተሩ ታክሲ ተራ ሆነ።

እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ይጻፍበት። ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስተያይ። መጀመሪያ ሳጥንና ሁለት ክብ ነበረ። አሁን ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየተጣራ ነው፣ ጣሪያው ላይም ዶሮ ተጭኗል። ይሄ ልጅ ዓይኑ እየበሰለ ነው። መግፋት ከፈለግህ «ከፎቅ ላይ ሆነህ ስታያትስ?» በለው።

ከ10 ስንት እንስጥ?

ደብተሩ ላይ ምንም። ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበት ልጅ ቀጥሎ የሚሥለው ለመምህሩ ነው። ማርክ ግድ ከሆነ በሌላ ወረቀት የሠራውን አርሙ። የእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ያዩትን በንድፍ ደብተር እንዲመዘግቡ፣ ሐሳባቸውንም ተመልሰው እንዲፈትሹበት ይላል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ተመልሶ ማየቱ ነው። ደብተሩ ለወላጆች ቀን ጌጥ ሆኖ ሲቀር ያናድደኛል።

ላጲስስ?

ሰብስቡት። አንድ ዓይን ሲሥልና ሲያጠፋ 40 ደቂቃው ያልቃል። ያልወደደውን ትቶ ከጎኑ ይድገም። ገጽ መቅደድም የለም።

ከቨርጂኒያ ነው። ልጄ ታብሌት ላይ ትሥላለች፣ አይበቃም?

ታብሌቱን አልጠላም። ግን የሰረዘችው እዚያው ይጠፋል፤ ወረቀት ላይ መንገዷ ሁሉ ይቀራል። ቡና ስታፈሉ ረከቦቱን ፊቷ አድርጉና ትሞክረው። የሲኒው ጆሮ ያስቸግራታል፣ አትርዷት።

ቀለም የሚቀባበት የተዘጋጀ መጽሐፍ ልግዛለት?

ለረጅም መንገድ ግዢለት፣ ዝም ያሰኘዋል። ለሥዕል ከሆነ ግን በዚያው ብር ነጭ ወረቀት ይሻለዋል።