ሻጩ «ቦይለር» ብሎ የጠራው ዕቃ ቤት አያሞቅም

ጎንደር አዘዞ ለሚያሠሩት ቤት ሊገዙት ያሰቡት ባለ 50 ሊትር «ቦይለር» ክፍሎቹንም ያሞቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ለገላ መታጠቢያና ለወጥ ቤት የሚሆነውን ውኃ ብቻ ነው። በአገራችን ቦይለር እያልን የምንጠራው ዕቃ በትክክለኛ ስሙ ባለ ታንከር የውኃ ማሞቂያ ነው።

ቤት የሚያሞቀው ቦይለር ግን ውኃውን አሙቆ በዝግ የቧንቧ መስመር በየክፍሉ ወደ ተተከሉት ራዲያተሮች (ክፍሉን የሚያሞቁ ብረቶች) ይልካል፤ ያው ውኃ ሙቀቱን ሰጥቶ ሲመለስ እንደገና ይሞቃል እንጂ ቧንቧ ተከፍቶ አይቀዳም። የጎንደር ሌሊት ቢቀዘቅዝም ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚያበቃ አይመስለኝም።

ሊገዙት ያሰቡት የውኃ ማሞቂያ ባለ 1500 ዋት ከሆነ፣ 50 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከመታጠብዎ በፊት አስቀድመው ያብሩት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከተገጠመ በኋላ የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍተው፣ አየሩ እየተንፈቀፈቀ ወጥቶ ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ድረስ ኤሌክትሪኩን ፈጽሞ አያብሩ። እኔ ሮቶው ውኃ እንዳለው ሳላረጋግጥ አዲሱን ማሞቂያ አብርቼ ሬዚስታንሱ (ውኃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ዘንግ) በመጀመሪያው ቀን ተቃጠለ፤ ሲፈታ ዘንጉ ጠቁሮና መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። በተለይ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት ይህን ከፊትዎ እንዲያደርግ ይጠይቁት።