ጡት የማሳነስ ቀዶ ሕክምና፦ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 32፣ አንድ ልጅ አለሽ፣ ሁለተኛም ታስቢያለሽ። አንገትሽና ትከሻሽ ዕረፍት ነሥተውሽ ሐኪምሽ ጡት የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ይሻልሻል ብሎሻል፤ እናትሽ ደግሞ «ፈጣሪ የሰጠሽን ልታስቆርጪ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። እኔም እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ይህን ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

አብዝተሽ የፈራሽው ሕመሙን ነው። እሱ ከሁሉ ይቀላል። የሚያደክመው ከቀዶው በፊት ያለው የኢንሹራንስ ጣጣ ነው። «ለውበት ነው» ተብሎ ውድቅ እንዳይደረግ ሥቃይሽ በወረቀት መታየት አለበት፦ የአንገትና የጀርባ ሕክምናሽ፣ የተከታተልሽው ፊዚዮቴራፒ፣ የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻሽ ላይ የቆፈረው ቦይ ፎቶግራፍ። በበጋ ከጡት ሥር ሽፍታ ሲወጣብሽ ቅባት ቀብተሽ ዝም አትበዪ፤ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ መዝገብ ላይ ይስፈር። ቀጥሎ የግራም ነገር ይመጣል። አንዳንዱ ኢንሹራንስ ከእያንዳንዱ ጡት ቢያንስ 500 ግራም እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ሌላው ቁመትሽንና ክብደትሽን አስልቶ፣ ለሰውነትሽ መጠን ስንት ግራም መውጣት እንዳለበት በሚያሳየው፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው የሽኑር (Schnur) ሠንጠረዥ ይወስናል። ስለዚህ አንቺ የምትመኚው መጠንና እነሱ የሚጠይቁት ግራም ላይገናኙ ይችላሉ። ይህን ከቀዶው በፊት ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ከማደንዘዣ ከነቃሽ በኋላ ማዘን ዋጋ የለውም። የእኔን መጀመሪያ ከለከሉት፤ ሐኪሜ ደብዳቤ ጽፎ ይግባኝ ሲል ነው የተፈቀደው።

ሁለተኛ ልጅ ማሰብሽ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጡት ማጥባት እንደምትችዪ ማንም ዋስትና አይሰጥሽም። አብዛኛውን ጊዜ የጡቱ ጫፍ ከሥሩ ካለው ሥጋ፣ ከደም ሥሮቹና ከነርቮቹ ጋር እንደተያያዘ ወደ ላይ ይነሣል። በዚህ መንገድ ከተሠሩት የሚያጠቡ አሉ፤ በከፊል አጥብተው የዱቄት ወተት የሚጨምሩም አሉ። ጡቱ እጅግ ትልቅ ሲሆን ጫፉ ተነጥሎ እንደገና የሚተከልበት ዘዴ አለ፤ ያኔ ማጥባቱ ይቀራል፣ የጫፉም ስሜት በአብዛኛው ይጠፋል። በዚያ ላይ እርግዝና ጡትን ዳግም ያሳብጠዋል፣ የተስተካከለውንም ቅርጽ ይለውጠዋል። ልጁ በቅርቡ የታሰበ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት አስቀድመሽ ውለጂ፣ አጥቢ፣ ጡት ካስጣልሽ ጥቂት ወራት በኋላ ተሠሪ። ገና ሩቅ ከሆነ ግን ዓመታትን በሥቃይ የምትገፊበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠባሳው አይቀርም። የተለመደው አቆራረጥ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ዞሮ፣ ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ ከጡት ሥር ወደ ጎን ይሄዳል። እንደ እኛ ያለ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ጠባሳው የማበጥና ኬሎይድ (ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ) የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ጆሮሽን የተበሳሽበት ወይም ክትባት የተወጋሽበት ቦታ አብጦ ቀርቶ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ በሐኪሜ ምክር የሲሊኮን ልጣፍ ለወራት ተጠቀምኩ። ጠባሳው እየደበዘዘ ለመሄድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ከቀዶው በፊት አስፕሪንና ደም የሚያቀጥኑ እንክብሎችን ያስቆሙሻል። የምትወስጂውን የነጭ ሽንኩርት እንክብልም ሆነ የአገር ቤት መድኃኒት ሁሉ ንገሪያቸው። ሲጋራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሺሻም ያው ኒኮቲን ነው። ኒኮቲን የደም ሥርን አጥብቦ የጡቱን ጫፍ እስከ ማሞት ይደርሳል።

በዕለቱ ሐኪሙ አቁሞ በእስክሪብቶ መስመር ያሰምርብሻል፤ ኀፍረቱ እዚያ ላይ ነው፣ ቶሎ ያልፋል። ሥራው ራሱ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። የወጣው ሥጋ ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ የትከሻዬ መቅለል ነው፤ ደረቴ በፋሻ ተጠቅልሎ እያመመኝ እንኳ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። በማግሥቱ መወጠርና ማቃጠል፣ ቆይቶ ደግሞ ድንገት ኤሌክትሪክ እንደነካሽ ውር የሚል ነገር አለ፤ ነርቮቹ ሲያገግሙ ነው። ከሕመሙ ይልቅ ማስታገሻው ያመጣው የሆድ ድርቀት ነው ያስለቀሰኝ፤ ውኃና ተልባ አስቀድመሽ አዘጋጂ።

በጀርባሽ ትተኚያለሽ፤ ከፊቱ የሚከፈት፣ አጥብቆ የሚይዝ ጡት መያዣ ሌሊትም ቀንም ታደርጊያለሽ። የቢሮ ሥራ ከሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመለሻለሽ። ከባድ ማንሣት ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አይፈቀድም፤ ልጅ ማዘልም፣ ምጣድ ማንሣትም፣ ስግደትም እዚያው ውስጥ ነው። ልጅሽን የሚያነሣልሽ ሰው ከወዲሁ ፈልጊ። የዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው፣ ቢያንስ ሽሮና ምስር አይጉደልብሽ።

ከጡቴ ሥር ስፌቶቹ በሚገናኙበት ቦታ ሽንብራ የምታህል ቁስል ተከፍታ ነበር። ያ ቦታ በብዙዎች ላይ ይከፈታል፤ ታጥቦ እየተሸፈነ ቀስ ብሎ ይዘጋል። አንዱ ጡት ድንገት ከሌላው ልቆ ካበጠና ከጠጠረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ጫፉ ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ባትሽን ካመመሽ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ።

መጀመሪያ ላይ ቅርጹ ከፍ ያለና ማዕዘን የያዘ ይመስላል። ለወራት እየወረደና እየለሰለሰ ይሄዳልና እስከዚያ ውድ ጡት መያዣ አትግዢ፤ የሐበሻ ቀሚስሽንም ቶሎ አታስጠብቢ።

እናትሽን በተመለከተ፣ የትከሻሽን ቦይ አሳዪያቸው፤ የእኔ እናት ያንን አይተው ነው ዝም ያሉት። ለጠያቂ ጎረቤት ግን የምትነግሪው የራስሽ ጉዳይ ነው፤ «ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነበረኝ» ማለት ይበቃል።

ከሐኪሙ ጋር ስትቀመጪ በጥቁር ቆዳ ላይ የሠራቸውን፣ ከዓመት በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎች እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ስንት ግራም ሊያወጣ እንዳሰበ፣ የጡቱን ጫፍ በየትኛው ዘዴ እንደሚያነሣ፣ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ያስፈልግሽ እንደሆነ፣ ሌሊት ችግር ቢፈጠር ማን ስልክ እንደሚያነሣልሽም ጠይቂ። እነዚህን በችኮላ የሚያልፍ ሐኪም ከገጠመሽ ሌላ ፈልጊ።