ስለ ኮሎምበስ ግንባታ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ በሕንጻ ንድፍ ሥራ ላይ ነኝ። እዚህ ያለን ሐበሾች ስለ ኪራይና ስለ አዳዲሶቹ ሕንጻዎች እርስ በርስ ብዙ እናወራለን። ውሳኔ በሚወሰንበት ቀን ግን አዳራሹ ውስጥ አንገኝም። ይሄ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ውስጥ እነዚህን መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ግማሽ ሰዓት ነድቼም ገና ኮሎምበስ ውስጥ ነኝ። ከተማዋ እንዴት እንዲህ ተለጠጠች?

በውሃ ቧንቧ ነው። ጃክ ሴንሰንብሬነር የሚባል በ1954 ሥራ የጀመረ ከንቲባ ነበር። የሱ መመሪያ አጭር ነው፦ የከተማውን ውሃና የፍሳሽ መስመር የፈለገ መሬት መጀመሪያ ወደ ከተማው ይጠቃለል። ያለ ውሃ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ስለሌለ ብዙዎቹ ተጠቃለሉ። በ1950 ወደ 40 ስኩዌር ማይል የነበረችው ከተማ ዛሬ ከ220 በላይ ናት። በ2020 ቆጠራም ከ905,000 በላይ ነዋሪ ነበራት። ዕዳው ግን አሁን ነው የሚከፈለው። መንገዱም ቧንቧውም ረዘመ፣ አውቶቡሱ ይቆያል፣ መኪና የሌለው ሰው ሥራው ቦታ መድረስ ፈተና ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ በየቦታው ክሬን ቆሟል፣ ኪራይ ግን አይቀንስም። ለምን?

የሚሠራው ቤት ከሚመጣው ሰው ጋር ስለማይመጣጠን ነው። የትኛው መሬት ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው የዞን ሕግ በ1950ዎቹ የወጣ፣ ሁሉም ሰው መኪና ይነዳል ተብሎ የተጻፈ ነበር። ዋና መንገድ ዳር አፓርታማ መሥራት የፈለገ ሰው ልዩ ፈቃድ መጠየቅ፣ ወራት መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ ለመኪና ማቆሚያ ሰፊ አስፋልት ማንጠፍ ነበረበት፤ ያ ሁሉ ወጪ ዞሮ ዞሮ ተከራዩ ላይ ያርፋል። በጁላይ 2024 የከተማው ምክር ቤት ዞን ኢን የተባለውን አዲስ ሕግ አጸደቀ። በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ከፍ ያለ ሕንጻ ይፈቅዳል፣ የመኪና ማቆሚያ ግዴታውንም አንስቷል። ከተማው እንደገመተው፣ በእነዚህ መንገዶች ዳር በአሮጌው ሕግ በ10 ዓመት ውስጥ ይሠራ የነበረው 6,000 ያህል ቤት ነው፤ በአዲሱ እስከ 88,000 ሊደርስ ይችላል።

ተፈቀደ ማለት ግን ተሠራ ማለት አይደለም። የባንክ ወለድና የዕቃ ዋጋ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። እኔ ሕጉን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ገበያው ብቻውን አይደርስለትም፤ የሕዝብ ገንዘብ መግባት አለበት። መራጩም ይህን አይቶ በ2022 ለዚሁ 200 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ (የከተማው ብድር) አጽድቋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ "ኮሪደር" ሲሉ ሰማሁና እንደ አዲስ አበባው መሰለኝ። እዚህም ሊያነሱን ነው?

አይዞዎት እማማ። እዚህ "ኮሪደር" የሚሉት አዲሱ ሕግ የሚመለከታቸውን ዋና ዋና መንገዶች ነው። የዞን ሕግ የማንንም ቤት አያፈርስም። ባለንብረቱ ካልፈለገ ምንም አይነካም። የእርስዎ ቤት ከሆነ እዚያው ይቀመጣሉ። ተከራይ ከሆኑ ግን አከራይዎ ሊሸጥ ይችላልና የኪራይ ውልዎን ለልጆችዎ ያሳዩ።

ስጋትዎ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ1960ዎቹ አይ 70 አውራ ጎዳና ሲዘረጋ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ጥቁር ወታደሮች የተሠራውን ሃንፎርድ ቪሌጅ የተባለ ሰፈር ለሁለት ሰንጥቆት አለፈ። ቤቶቹ ፈረሱ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ለዚህ ነው ስብሰባ ላይ እንገኝ እያልኩ የምጨቀጭቀው።

ጥያቄ፦ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ይሄ ነገር ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?

ሁለቱም፣ ወንድሜ። የማቆሚያ ግዴታው በተነሳበት መንገድ ላይ ከሆንክ፣ ድሮ "ለዚህ ያህል ወንበር ይህን ያህል ፓርኪንግ" እየተባለ የሚያዘው ፈቃድ ይቀልልሃል። በሌላ በኩል፣ ሱቆቹ በአንድ ረድፍ ተደርድረው ፊት ለፊታቸው ሰፊ ፓርኪንግ ያለበት ግቢ አሁን ከኪራዩ ይልቅ መሬቱ ሊወደድ ነው። ባለቤቱ አፍርሶ አፓርታማ መሥራት ሊያምረው ይችላል። ዛሬ ማታ ውልህን አውጣና ሁለት ነገር ፈልግ፦ የማደስ መብት አለህ? አከራዩ ለማፍረስ ሲፈልግ ውሉን አቋርጦ ሊያስወጣህ የሚችልበት አንቀጽስ አለ? ካለ፣ ለኩሽናው ሌላ ገንዘብ ከማፍሰስህ በፊት ጠበቃ አማክር። ያለ የጽሑፍ ውል፣ በወር በወር ብቻ እየከፈላችሁ የምትሠሩ ካላችሁ በጣም ነው የምሰጋላችሁ።

ጥያቄ፦ አዳዲሶቹ አፓርታማዎች ለምን አንድ ዓይነት ሆኑ? አንዱን ያየ ሁሉንም አየ።

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ምድር ቤቱን እዩት፣ ኮንክሪት ነው። ከላዩ ያሉት አራት አምስት ፎቆች እንጨት ናቸው። የግንባታ ሕጉ እንጨቱን እስከዚያ ድረስ ይፈቅዳል፣ ከብረትና ከኮንክሪት ደግሞ በጣም ይረክሳል። በዚያ ላይ ከሦስት ፎቅ በላይ የሆነ አፓርታማ በአብዛኛው ሁለት መወጣጫ ደረጃ እንዲኖረው ይገደዳል። ሁለቱን ደረጃዎች ለማገናኘት መሐል ላይ ረጅም መተላለፊያ ይሠራል፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። ስለዚህ አብዛኛው ቤት መስኮት ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ነፋስ ከዚህ ገብቶ በዚያ አይወጣም፤ ሦስት መኝታ ያለው የቤተሰብ ቤትም ለመንደፍ ያስቸግራል። አርክቴክቱ የሚቀረው ፊቱን ማስዋብ ነው። ረጅሙ ሕንጻ ትንንሽ ሕንጻዎች እንዲመስል አንዱን ክፍል ግራጫ፣ ሌላውን ነጭ ያደርገዋል፣ አንዱን ወደፊት ያስወጣዋል። በቅርብ ብታዩት ፊቱን በሸፈኑት ሰሌዳዎች መጋጠሚያ ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም መስመር ይታያችኋል። መልኩ ሰልችቷችሁ ከሆነ ቀለሙን ትታችሁ የደረጃውን ሕግ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባቡርስ?

የመንገደኛ ባቡር ከ1979 ጀምሮ የለም። ቅርብ የሆነው ፈጣን አውቶቡስ ነው። በኖቬምበር 2024 መራጩ ለዚሁ የሽያጭ ታክስ በአንድ ዶላር ግማሽ ሳንቲም እንዲጨምር አጽድቋል። አውቶቡሱ የራሱ መስመር ይኖረዋል፣ የመጀመሪያውም ዌስት ብሮድ መንገድ ላይ ነው የታቀደው።

ጥያቄ፦ የኢንቴል የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ሊመጣ ነው ብዬ በዚያ በኩል ቤት ልግዛ?

ለኢንቴል ብለሽ አትግዢ፣ እህቴ። በ2022 ሲታወጅ 20 ቢሊዮን ዶላር ነበር የተባለው። አሁን ሥራ መጀመሪያው ወደ 2030ና 2031 ተገፍቷል። ለኑሮሽ የሚመች ከሆነ ግን የራስሽን ሂሳብ አስልተሽ ግዢ።

ጥያቄ፦ ለታክስ የተሰላው የቤቴ ግምት ሰማይ ነካ። ምን ላድርግ?

በ2023ቱ የፍራንክሊን ካውንቲ ግምት የመኖሪያ ቤት ዋጋ በአማካይ በ41 በመቶ ገደማ ነው የጨመረው፣ አንተ ብቻ አይደለህም። ግምቱ ቤትህ ቢሸጥ ከሚያወጣው በላይ ነው ካልክ፣ ከጃኑዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ ለካውንቲው የግምት ክለሳ ቦርድ አቤት ማለት ትችላለህ። "ታክሱ በዛብኝ" ማለት አይበቃም። በቅርቡ የተሸጡ የሰፈርህን ቤቶች ዋጋ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ወይም የተሰነጠቀ መሠረት ካለም ፎቶውንና የጥገና ግምቱን ይዘህ ቅረብ።

ጥያቄ፦ እንግዳ ቢመጣብን ምን እናሳየው?

ሃይ ስትሪትን ይዛችሁ ከመሐል ከተማ ወደ ሾርት ኖርዝ ሰፈር በእግር ሂዱ። ግራና ቀኝ ሱቅና ምግብ ቤት ታያላችሁ። ከእግራችሁ ሥር አይ 670 አውራ ጎዳና እያለፈ ነው! ድልድዩን በ2004 ግራና ቀኝ አስፍተው ሱቅ ሠሩበት፣ ሰው ድልድይ ላይ መሆኑ እንኳን ሳይታወቀው ይሻገራል። የሱቆቹ ፊት በ1970ዎቹ የፈረሰውን የዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ሕንጻ እንዲያስታውስ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከዚያ ጀርመን ቪሌጅ የሚባለው ሰፈር ውሰዱት። በ1960 የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን ባይቋቋምለት ኖሮ እነዚያ የቀይ ጡብ ቤቶች ለአውራ ጎዳናና ለፓርኪንግ አልቀው ነበር ብዬ አምናለሁ። መንገዱ ራሱ ጡብ ነውና ምቹ ጫማ አድርጉ።