የሚያልፉ ንስሮችን ሁለቴ ላለመቁጠር

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። «በጥቅምት ተማሪዎቼን ይዤ ከጎንደር ወደ ስሜን ልወጣ ነው፤ የሚያልፉትን ንስሮች እንዴት እንቁጠር? አንዱን ሁለቴ ላለመቁጠርስ?» ነው ያልሽው። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ስለምቀመጥ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ነዋሪውን ከመንገደኛው ለዩ። ትልቁ ሥራ ይኼ ነው። ጢማሙ ጥንብ አንሳ ያንኑ ገደል ሲመላለስበት ይውላል፤ ካላወቃችሁት አንዱን አሥር ጊዜ ትመዘግቡታላችሁ። ጅራቱ ረጅምና ሾጠጥ ያለ ነው። ሌላው ነዋሪ ብዙ ጊዜ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ አጭርና ቀላ ያለው፣ በየእንጨቱ ላይ ተቀምጦ የምታዪው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አትቁጠሩ። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ይመልከቱ፣ ስካውቱን፣ አብሯችሁ የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂም ይጠይቁ። እሱ ነዋሪዎቹን በየገደላቸው ያውቃቸዋል።

ዋናው መንገደኛ የስቴፕ ንስር ነው። ከካዛኪስታንና ከሩሲያ ሜዳ ተነስቶ፣ አረቢያን አቋርጦ፣ በየመንና በጂቡቲ መካከል ባለው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ይሻገራል። ባሕር ላይ የሚያነሳው ትኩስ አየር ስለማያገኝ ጠባቡን መሻገሪያ ይመርጣል። በ1987 እ.ኤ.አ. በዚሁ ወቅት ጂቡቲ ላይ ሲቆጠር ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ተመዝግበዋል። ስሜን ላይ እንዲህ ያለ ጎርፍ አትጠብቁ፤ እኛ ጋ ተበታትነው ነው የሚያልፉት። የዘንድሮው ጫጩት ክንፉ ሥር ወፈር ያለ ነጭ መስመር አለው። ለጀማሪ ዓይን ከዚህ የቀለለ ምልክት የለም።

አሁን ወደ ቆጠራው። ፀሐይ ገደሉን ሳታሞቀው አይነሱምና በሌሊት አትሩጡ። ሦስት ሰዓት ላይ ቦታ ያዙ፤ ከአራት እስከ ስምንት ግን ዓይናችሁ ከሰማይ አይነቀል። ንስሩ ትኩስ አየር ሲያገኝ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ይወጣል። አንዱ ከሌላው ጀርባ ይጠፋል፣ ሌላው ከታች ይቀላቀላል። እየዞሩ ሳሉ አትቁጠሩ! ጫፍ ደርሰው፣ ክንፋቸውን ሰብሰብ አድርገው በሰልፍ ወደ ደቡብ ሲንሸራተቱ ያኔ አንድ በአንድ ቁጠሩ። መስመርም ይኑራችሁ፤ ለምሳሌ ከዚያ ሹል ቋጥኝ እስከዚህ አስታ ዛፍ። ያለፈው ይደመራል፣ ወደ ሰሜን የተመለሰው ይቀነሳል። የመቀነሻ ዓምድ የሌለው መዝገብ እኔ አላምንም።

አንዱ ይይ፣ አንዱ ይጻፍ። ሰዓት፣ ዓይነት፣ ብዛት፣ አቅጣጫ፣ ደመና፣ ነፋስ። ያልለያችሁትን በግምት ስም አትስጡት፣ «ያልተለየ ንስር» ይባል። ምንም ያላለፈበት ሰዓትም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ። ባይኖኩላር 8 በ42 (ስምንት እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል፤ ማጉላቱ ሲበዛ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የምታዩት ሰማይም ይጠብባል።

ቦታ ካልሽኝ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ሰፈሮች ሳንቃበር ወይም ጨነቅ። አንዳንዱ ከእግራችሁ በታች ስለሚያልፍ ጀርባውን ሁሉ ታያላችሁ፤ ልጆቹ እንዲህ ሲሆን ወደ ጫፍ ይሳባሉና ከአፋፉ ራቅ አድርገሽ አስቀምጫቸው። የፓርኩን መግቢያም ስካውቱንም ደባርቅ ላይ ጨርሱ። መንገዱ ካልተመቸ እዚሁ ጎንደር ከተማ ጎሃ ኮረብታ ላይ ውጡ፤ እዚያ ግን ቄራና ቆሻሻ የሚያዞረውን ጭላት ከቁጥር አውጡት።

የስቴፕ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል። የኤሌክትሪክ መስመርም ብዙ ይገድለዋል። ለዚህ ነው የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን የማይበቃው፤ ከርሞም እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት። የምጠቀምበትን ቅጽ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።