መልስ፦ ቬነስ ምድርን ካከለች ሕይወት ለምን የለባትም?

ወንድሜ፣ "ቬነስ በመጠን ምድርን ታክላለች፣ ታዲያ ለምን ሕይወት የለባትም?" ላልከው፣ ጉዱ ያለው አየሯ ላይ ነው። 96 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። መሬቷ 465 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይግላል። ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው ሜርኩሪ እንኳ እንደሷ አትግልም! እ.ኤ.አ. በ1982 ያረፈችው የሶቪየቷ መንኮራኩር ቬኔራ 13 መረጃ የላከችው ለ127 ደቂቃ ብቻ ነው።

እኛ እንዴት ተረፍን? ዝናብ ካርቦኑን ከአየር አጥቦ ያወርዳል። ከድንጋይ ጋር ተዋህዶ መጨረሻው ባሕር ወለል ላይ የኖራ ድንጋይ መሆን ነው። እሳተ ገሞራ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ አየር ይመልሰዋል። ሲሞቅ እጥበቱ ይበረታል፣ ሲቀዘቅዝ ይደክማል፤ በዚህም የምድር ሙቀት ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ግን ውሃ ይፈልጋል፤ ቬነስ ደግሞ ውሃዋን አጥታለች።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ማስተካከያ የሚሠራው በመቶ ሺህ ዓመታት ስለሆነ ለመኪናችን ጭስ አይደርስልንም።