«ኮምፒውተርዎ ላይ 5 ቫይረስ ተገኝቷል» ስለሚለው ቀይ ገጽ

ሰላም እህቴ። ጽሑፍ እያነበብሽ ድንገት ስክሪኑን የሞላ ቀይ ገጽ መጣብሽ፤ «5 ቫይረስ ተገኝቷል» አለሽ፤ ያጸዳል የተባለውን ፕሮግራም አውርደሽ ጫንሽው፤ አሁን ደግሞ ቫይረሱን ለማጥፋት ክፈዪ እያለሽ ነው። ልክፈል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በፍጹም እንዳትከፍዪ። ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ስለሆነ ይህን ነገር በብዙ ሰው ማሽን ላይ አይቼዋለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ ድረ ገጽ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ገብቶ ፋይል መፈተሽ አይችልም። ክሮም ይሁን ፋየርፎክስ፣ ብሮውዘር የሚሠራው የተከፈተው ገጽ አንቺ ሳትፈቅጂ ፋይሎችሽን እንዳያይ ተደርጎ ነው። «እየፈተሽኩ ነው» እያለ ሲሞላ ያየሽው መስመር አስቀድሞ የተዘጋጀ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። የአንዲት ተማሪ ማክቡክ ላይ ያየሁት ገጽ «ሲ ድራይቭ ላይ ትሮጃን ተገኝቷል» ይል ነበር፤ ሲ ድራይቭ ደግሞ ዊንዶውስ ፋይል ለሚያስቀምጥበት ቦታ የሚሰጠው ስም ነው፤ ማክ ላይ የሚባል ነገር የለም! ልጅቷ ግን በድምፁና በሚቆጥረው ሰዓት ደንግጣ የባንክ ካርዷን አውጥታ ይዛ ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ምን ይመስላል ብለሽ አትጨነቂ፤ ምልክቱንም ቀለሙንም አስመስለው ይሠሩታል። ከየት መጣ ብለሽ ጠይቂ። ብሮውዘር ውስጥ ብቅ ብሎ «ኮምፒውተርሽ ውስጥ ቫይረስ አገኘሁ» ያለሽ ድረ ገጽ ሁሉ ውሸታም ነው። ስልክ ቁጥር ካለበት ደግሞ ጭራሽ አትጠራጠሪ፤ የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር አይጽፍም።

አሁን የጫንሽውን ፕሮግራም በተመለከተ። እንዲህ ዓይነቱን አንዱን፣ ለሙከራ በያዝኩት፣ ዊንዶውስ ገና በተጫነበትና ምንም ባልተነካ ማሽን ላይ ጭኜ አይቼዋለሁ። በሰከንዶች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር «አደጋ» ዘረዘረልኝ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ስከፍተው የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎችና የብሮውዘር ኩኪዎች (ድረ ገጾች የሚያስቀምጧቸው ትናንሽ ፋይሎች) ናቸው። «አጥፋ» የሚለውን ስጫን የመጣው የክፍያ ገጽ ነው። ብትከፍዪም ዝርዝሩን ከስክሪኑ ላይ ያነሳልሻል እንጂ የሚያጸዳው ነገር የለም፤ የካርድሽ ቁጥር ግን እነሱ ዘንድ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፊ። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ «አፕስ» ገብተሽ ፕሮግራሙን አስወግጂ። አልወጣም ካለ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ) አስነስተሽ ድገሚው። ቀጥሎ ከስታርት ሜኑ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ከፍተሽ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን የቫይረስ መከላከያ፣ የማይክሮሶፍት ዲፌንደርን፣ ኦፍላይን ስካን አስጀምሪ፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲነሳ ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት ስለሚፈትሽ ተደብቆ የቀረውን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። በዚህ መሀል የጻፍሽው ፓስወርድ ካለ በሌላ መሣሪያ ቀይሪው። ይህን የምታነቡና ቀድማችሁ የከፈላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለባንካችሁ ደውላችሁ ካርዱን አስዘጉ። ስልክ ላይ አናግሯችሁ በቲምቪወር ወይም በኤኒዴስክ (ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች) እንዲገባ የፈቀዳችሁለት ሰው ካለ፣ ኢንተርኔቱን አቋርጡና ማሽኑን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ። ገጹ ተዘግቶም በስክሪኑ ጥግ ማስጠንቀቂያ እየመጣ የሚያስቸግራችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ሳይሆን ኖቲፊኬሽን ነው። የሆነ ገጽ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ Allow (ፍቀድ) የሚለውን ተጫን» ብሏችሁ ፈቅዳችኋል። ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ የተሰጣቸውን ገጾች ዝርዝር ክፈቱና የማታውቁትን ሁሉ ሰርዙ። በቃ፣ ይቆማል። ለዚህ ብቻ ፎርማት ያስደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ቀዩ ገጽ እንደገና ቢመጣብሽ በላዩ ላይ ያለውን የኤክስ ምልክት አትንኪ፤ እሱም የምስሉ አካል ሊሆን ይችላል። «ኤስኬፕ»ን ጫን አድርገሽ ያዢ፤ እምቢ ካለ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኤስኬፕ»ን አንድ ላይ ተጫኝና ከታስክ ማናጀር ብሮውዘሩን ዝጊ። ስትከፍቺው የቀድሞዎቹን ገጾች ልመልስ ቢልሽ እንቢ በይ።

«ታዋቂ ድርጅት ከሆነ ችግር የለውም» ያልከው ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። አሜሪካ ውስጥ ኦፊስ ዲፖ የተባለው ትልቅ የመደብር ሰንሰለት ለደንበኞች ነፃ የኮምፒውተር ምርመራ ያደርግ ነበር። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን እንደከሰሰው፣ ደንበኛው መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ለአንዱ «አዎ» ካለ ፕሮግራሙ ማሽኑ ውስጥ ምንም ይኑር ምንም የቫይረስ ምልክት አለ ይል ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ድርጅቱና የሶፍትዌሩ አቅራቢ በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የስልክ አፕም እንደዚያው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጎግል ፕሌይ ላይ ይሸጥ የነበረው ቫይረስ ሺልድ ሥራው ስትነኩት የምልክቱን መልክ መቀየር ብቻ ነበር፤ ጎግል በኋላ ለገዢዎቹ ገንዘባቸውን መልሷል።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደርን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ለአብዛኞቻችን እሱና ወቅታዊ አፕዴት ይበቃል ባይ ነኝ (የዊንዶውስ 10 መደበኛ አፕዴት ግን በ2025 እ.ኤ.አ. ቆሟል)። ሌላ መግዛት የፈለገ ሰው ስሙን ኤቪ ቴስት ወይም ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የተባሉት፣ የቫይረስ መከላከያዎችን የሚፈትኑ ገለልተኛ ድርጅቶች በሚያወጡት የፈተና ውጤት ላይ ይፈልግ፤ ከዚያ የድርጅቱን አድራሻ በራሱ እጅ ጽፎ ይግባ። ከፍለጋ ውጤት በላይ በሚወጣ ማስታወቂያ በኩል አትግቡ።

እህቴ፣ ፕሮግራሙ አልወጣ ካለሽ «አፕስ» ውስጥ የተጻፈውን ስሙን እዚሁ ጻፊልኝና አብረን እናየዋለን። የገጹን ሊንክ ግን አትለጥፊ፤ ሌላ ሰው ሊጫነው ይችላል።