ቢጫው ፓሽን ፍሩት አበባውን እያራገፈ ፍሬ አልይዝ ላለህ

ከዘጌ በኩል አንድ ወጣት ገበሬ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ከጎረቤቴ አንድ ሐረግ ላይ ቆርጬ ያጸደቅሁት ፓሽን ፍሩት አጥሬን ሞልቶታል። አበባው ያምራል፣ ግን ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። የጎረቤቴ ሲበስል ቢጫ ነው፣ እሱ እየሸጠ ነው። ዩሪያ ልጨምር ወይስ መድኃኒት ልርጭ? ደግሞ እንደ እምቦጭ ይወራል የሚሉኝ አሉ።»

ዩሪያውንም መድኃኒቱንም ተው ወንድሜ። ዩሪያ ሲበዛ ቅጠል ነው የምታገኘው፤ መድኃኒቱ ደግሞ የሚጠቅሙህን ንቦች ይፈጅብሃል። እምቦጭ እንዲህ ካስጨነቀን በኋላ ሰው ቢሰጋ አልፈርድም፣ ሁለቱም የመጡት ከደቡብ አሜሪካ ነው። ግን ይሄኛው የደረቅ መሬት ሐረግ ነው፣ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፤ እየገረዝክ ልትይዘው ትችላለህ።

ሐረግህ አልታመመም። ችግሩ «ከአንድ ሐረግ» ያልከው ላይ ነው። ቢጫው ዓይነት በራሱ የአበባ ዱቄት አያፈራም። ከአንድ እናት የተቆረጠ ችግኝ ሃያም ሆነ መቶ እግር፣ ለአበባው እንደ አንድ ተክል ነው፤ ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትመላለስ ብትውልም ፍሬ አይይዝም። ጎረቤትህ ዘንድ ወይም እዚያው አጠገብ ከሌላ እናት የመጣ ሐረግ ሳይኖር አይቀርም፣ ሄደህ እይ። ሲበስል ወይን ጠጅ የሚሆነው ዓይነት ግን በራሱ ዱቄት ያፈራል፤ አንድ እግር ተክሎ የሚለቅም ሰው ካየህ ይሄኛውን ይዞ ሊሆን ይችላል።

ምንም ሳትነቅል መጀመሪያ አረጋግጥ። የቢጫው አበባ የሚከፈተው ወደ እኩለ ቀን ነው፣ ማታ ይዘጋል። ጠጋ ብለህ እየው፦ መሃል ላይ ትንሽ አረንጓዴ ድብልብል አለች፣ ፍሬ የምትሆነው እሷ ናት። ከሥሯ አምስት ዱቄት የያዙ ጫፎች ተንጠልጥለዋል፣ ከላይዋ ሦስት ቀንዶች አሉ። አበባው ሲከፈት ቀንዶቹ ቀና ብለው ይቆዩና ቀስ በቀስ ወደ ታች ይጎነበሳሉ። ሲጎነበሱ ጠብቅ፣ ከሌላ ሰፈር ሐረግ የዚያኑ ቀን ከተከፈተ አበባ ዱቄቱን አምጥተህ ሦስቱም ላይ በጣትህ አሻሽ፣ ክር እሰርበት። ሌሎች ጥቂት አበቦችን ደግሞ በራስህ ሐረግ ዱቄት አሻሽና ሌላ ቀለም ክር እሰር። በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ካበጡ፣ የኋለኞቹ ከረገፉ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ዝናብ ባለበት ቀን አትሞክረው፣ ዱቄቱ ሲረጥብ ይበላሻል።

ከዚያ በኋላ ከተለያየ ቦታ የመጡ የበሰሉ ፍሬዎች ፈልግ። ዘሩን አጥበህ ትኩሱን ዝራ፤ ከዘር የበቀለ እያንዳንዱ ችግኝ ለብቻው የተለየ ተክል ስለሆነ ከነባሩ ጋር ይገናኛል። በነባሮቹ መካከል እያፈራረቅክ፣ ሦስት ሜትር ያህል እያራራቅክ ትከል። ሐይቁ ዳር ዋልካ ከሆነብህ አፈሩን ከፍ አድርገህ ከምረህ ላዩ ላይ ትከለው፣ ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። እነሱ እስኪያብቡ ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ እስከዚያ በእጅህ እየሠራህ ትቆያለህ፤ አድካሚ ነው ግን ያዋጣል።

ንቡን ሳልነግርህ እንዳልቀር። ለዚህ አበባ ዋናዋ ሠራተኛ ትልቋ፣ ጥቁሯ፣ ደረቅ እንጨት በስታ የምትኖረው ናት። የማር ንብ ትንሽ ስለሆነች ብዙ ጊዜ ቀንዶቹን ሳትነካ ዱቄቱን ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ አጥርህ ሥር የወደቀ ደረቅ ግንድ ካለ ለማገዶ አትፍለጠው፣ እዚያው ተወው። ጎንህ ላይ ጫቱን መድኃኒት የሚረጭ ሰው ካለም ሂድና አናግረው፤ አበባህ በሚከፈትበት ከሰዓት በኋላ እንዳይረጭ፣ ከቻለም ጭራሽ እንዲተወው ለምነው።